ጫፉ ቀይ ጣውላ

ሣጥኑ የተበላሸ ዕለት በመርከብ ድርጅቱ አዲስ አዳራሽ ውስጥ ከእኛ ቤት የነበርነው አባቴ፣ እናቴ፣ አክስቴ፣ የአባቴ ዋና ሠራተኛ ሚስማርና እኔ ነን። ዝናቡ ቆሞ ፀሐይ የበረታበት ሰሞን፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነበር። እኔ ገና አንደኛ ክፍል ነበርኩ። አዲሱ ጫማዬ ተረከዜን እየላጠኝ፣ አክስቴ የሠራቻት መርከብ አባቴ በሠራው የመስታወት ሣጥን ውስጥ ቆማ ሳይ፣ በዓለም ላይ እንደኛ ቤት ሰው የሚዋደድ ያለ አይመስለኝም ነበር።

ለምን እንደዚያ እንደመሰለኝ ለማስረዳት ትንሽ ወደ ኋላ መመለስ አለብኝ።

ከመንገዱ ፊት ለፊት የአባቴ የእንጨት ሥራ ቤት ነበር። ከሱ ቀጥሎ ግቢ፣ ከግቢው ጀርባ ደግሞ መኖሪያችን። በግቢው ጎን የጣውላ መጋዘን አለ፤ ከመጋዘኑ ጋር ግድግዳ የምትጋራው ጠባብ ክፍል የአክስቴ ነበረች። አክስቴ የአባቴ ታናሽ እህት ናት፤ ባል አላገባችም። አባቴ ቁምሳጥን፣ አልጋና ጠረጴዛ ይሠራል። ቆርጦ ገጥሞ ሲጨርስ «አንቺ!» ብሎ ይጣራል። እሷ መጥታ በብርጭቆ ወረቀት ታሻዋለች፣ ቫርኒሽ ትቀባዋለች፣ ሲደርቅ እንደገና ታሻዋለች፣ እንደገና ትቀባዋለች። እጇ እስከ ክርኗ ቡናማ ነበር፤ በሳሙና አይለቅም። ገዢ ሲመጣ የቁምሳጥኑን መሳቢያ እንኳ ስቦ አያይም። ፊት ለፊቱ ቆሞ የገዛ መልኩን ያይበታል፣ ፀጉሩን ያስተካክላል፣ ይገዛል።

ያን ሥራ ስትጨርስ ክፍሏ ገብታ ትንንሽ መርከብ ትሠራለች። ባሕር አይታ አታውቅም። የምታውቀው የመርከብ ድርጅቱ በየዓመቱ የሚያድለውን የቀን መቁጠሪያ ነው፤ በሥራ ቤቱ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። ዓመቱ ሲያልቅ ሌላው ሰው አውርዶ ይጥለዋል፤ እሷ ሥዕሎቹን ቆርጣ ታስቀምጣለች። መጀመሪያ የመርከቧን አከርካሪ ታቆማለች፤ አንድ ወፍራም ረጅም እንጨት ነው። በሱ ላይ እንደ ዓሣ አጥንት ጎድኖቹን ትደረድራለች። ከዚያ እንደ ጫማ ማሰሪያ የቀጠኑ እንጨቶችን ሙቅ ውሃ ነክራ እያጠፈች ጎድኖቹን ታለብሳቸዋለች። ለገመድ የልብስ ስፌት ክር በሰም ውስጥ ትስባለች። ገመዱ የሚሾልክባቸው መዘውሮች ከምስር ፍሬ አይበልጡም፤ እነሱንም በመርፌ ትበሳቸዋለች። እኔ እዚያ ስገባ ትንፋሼን ይዤ ነበር የምቀመጠው።

አባቴ ግን በሩን በእግሩ ገፍቶ ነው የሚገባው።

«ካፒቴን! ባሕሩ እንዴት ዋለ? ማዕበል የለም?»

«በሩን ዝጋው፤ ብናኝ ይገባል» ትለዋለች፣ ቀና ሳትል።

«የኔን ቁርጥራጭ ለቅመሽ የኔን ብናኝ ትጠየፊያለሽ?»

«ቁርጥራጩን አንተ ታነደው ነበር።»

«ባነደው ይሻላል፤ ቢያንስ ውሃ ያፈላል። ይሄ ምን ያደርጋል? አይጥ ልታሻግሪበት ነው?»

እናቴ ደግሞ ከግቢው ማዶ ትቀበላለች፦ «ተያት! ልጅ የሚታቀፍበት ክንድ ጀልባ ታቅፎ ይዋል!»

እኔ ይህን ሁሉ የኳስ ቅብብል አድርጌ ነበር የማየው። አንዱ ይወረውራል፣ ሌላው ይመልሳል። እኔ ስስቅ አባቴም ይስቃል። አክስቴ አትስቅም ነበር፤ ሥራ ስለያዘች መስሎኝ ነበር።

ስለ መጋዘኑም መናገር አለብኝ። መጋዘኑ አያቴ ያወጡት ደንብ ነበረው። አዲስ የመጣ እርጥብ ጣውላ በየመሃሉ ቀጭን እንጨት ገብቶለት፣ ነፋስ እንዲያገኘው ተደርድሮ ይከርማል። ደርቆ ለሥራ ሲደርስ ጫፉ ቀይ ቀለም ይቀባል። ጫፉ ቀይ ያልሆነውን ማንም አይነካውም። ቀይ የሆነውን ማንም አይጠይቅም፤ አንስቶ ይሠራበታል። ቀለሙን የሚቀባው የቤቱ ባለቤት ብቻ ነው። አያቴ ሲሞቱ ቆርቆሮውና ብሩሹ ለአባቴ ተላለፈ።

ለምን እንደዚያ እንደሚደረግ የነገረኝ ሚስማር ነው። ሚስማር ቀጭን ረጅም ሰው ነበር። ስሙን ያወጣለት አባቴ ነው፤ «ካልተመታ አይገባለትም» እያለ በእርሳስ አናቱን ይመታዋል። ሚስማር እርሳሱን ተቀብሎ ጆሮው ላይ ይሰካና ሥራውን ይቀጥላል።

«እርጥብ እንጨት ተንኮለኛ ነው» አለኝ አንድ ቀን። «ስትቆርጠው ዝም፣ ስትገጥመው ዝም። ሰው ቤት ካስገባኸው በኋላ መድረቅ ይጀምራል። ያኔ ይጠብና ይጣመማል። ማሰሪያውን ይፈታል፣ መስታወት ካለው መስታወቱን ያፈነዳል። የሚሰደበው ግን እንጨቱ አይደለም።»

«ማን ነው?»

«አናጢው ነዋ። እንጨት ተሰድቦ ያውቃል?»

የመርከብ ድርጅቱ ሰው የመጣው በዚያ ሰሞን ነው። ለአዲሱ ሕንፃቸው ጠረጴዛ ሊያዝዝ መጥቶ፣ አክስቴ በቁምሳጥኖቹ መሃል መስኮቱ ላይ ያስቀመጠቻትን መርከብ አየ። ወፍራም፣ ድምፁ ለስላሳ ሰው ነበር። ጎንበስ ብሎ ብዙ ቆየ።

«ይቺን ማን ሠራት?»

«መጫወቻ ናት» አለ አባቴ። «ለልጁ ነው።»

«እኔ ነኝ የሠራኋት» አለች አክስቴ ከጀርባ፣ ብሩሹን እንደያዘች።

ሰውዬው የጠረጴዛውን ወሬ ተወ። ድርጅቱ መጀመሪያ የነበረው መርከብ ባለ ሦስት ምሰሶ እንደነበረ፣ አሮጌ ፎቶግራፉና ንድፉ እንዳለ፣ ለአዳራሹ ትንሹን ምስሉን የሚሠራ ሰው ፈልገው እንዳጡ ነገራት። ካማረች ለየቅርንጫፎቻቸው ደግሞ ሌሎቹን መርከቦች እንደሚያሠሩ፣ ከወደቡ አጠገብ ባዶ ክፍል እንዳላቸውና እዚያ ልትሠራ እንደምትችል ነገራት። አክስቴ ብሩሿ መሬት ላይ እየተንጠባጠበ ሰማችው። መርከቧን ለእሷ፣ የመስታወቱን ሣጥን ለአባቴ አዞ ሄደ።

በዚያው ቀን እኔ እንደ ልማዴ ከመላጊያው ጠረጴዛ ሥር ፍቅፋቂ ውስጥ ተኝቼ ነበር። የአባቴና የእናቴ እግር መጣ።

«መርከቧ ካማረችላት ሄደች ማለት ነው» አለ የአባቴ ድምፅ።

«ትሂዳ! እኔም እፎይ ልበል።»

«ትሂድ ትያለሽ? ነገ ቁምሳጥኑን ማን ሊቀባው ነው? አንቺ?»

የእናቴ እግር ፍቅፋቂውን ጫረ።

«አትሄድም» አለ አባቴ። «እኔ በሕይወት እያለሁ አትሄድም።»

እንባዬ መጣ። አክስቴ በዚያች በሠራቻት መርከብ ተሳፍራ ባሕር ላይ ልትሄድ፣ አባቴ ደግሞ እንዳትሰጥም ፈርቶላት መስሎኝ ነበር። ከዚያ በፊት አባቴ ለሰው ሲፈራ አይቼ አላውቅም። ፍቅፋቂውን አፌ ላይ ይዤ በጣም ወደድኩት።

አሁን ሳስበው አባቴ ያን ቀን የፈራው ለቁምሳጥኑ ነው። እሷ ባትኖር የእሱ ሥራ ምን እንደሚመስል ከማንም በላይ ያውቅ ነበር።

ከቀናት በኋላ ጠዋት፣ ሠራተኞቹ ሳይገቡ፣ ግቢ ስወጣ አባቴን ብቻውን አገኘሁት። አንድ ነጭ ጣውላ በሁለት በርሜል ላይ አጋድሟል። ፊቱን በመላጊያ አለስልሶታል፤ ፀሐይ መትቶት ነጭ ሆኗል። መሃሉ ላይ እንደ ዓይን ያለ ጉጥ ነበረው። በዝናቡ ጊዜ ከመጣው፣ ገና እየከረመ ካለው የታችኛው ክምር ነው ያወጣው፤ ቦታው ክፍት ሆኖ አይቼዋለሁ። አባቴ ቀዩን ቆርቆሮ ከፍቶ የጣውላውን ጫፍ ይቀባል።

«አባዬ፣ ምንድነው?»

ደነገጠ፣ ከዚያ ፈገግ አለ። «ስጦታ ነው። ለእትዬህ።»

«ለመርከቧ?»

«ለመርከቧ።»

«ለምን ትቀባዋለህ?»

«እንዲያምር ነዋ፤ ስጦታ አይደል?» አለና በብሩሹ አፍንጫዬን ነካኝ። እናቴ እስክታጥበኝ ድረስ ቀለሙ እንዳይለቅ ፊቴን ሳልነካ ዋልኩ።

ጣውላውን ራሱ ተሸክሞ ክፍሏ አስገባላት። በሩን ያን ቀን በእግሩ አልገፋም፤ አንኳኳ።

«ይሄ ለአከርካሪውና ለጎድኖቹ ይሁንሽ» አላት። «በቁርጥራጭ እንዲህ ያለ ሥራ አይሠራም። የሰው ፊት የሚቆም ነገር ነው።»

አክስቴ ጣውላውን አየች፣ እሱን አየች። «ምን ነካህ?»

«ምን ይነካኛል? እህቴ አይደለሽ?»

«ከመቼ ወዲህ?»

«አይ ያንቺ ነገር! ሰው ሲሰጥሽም ትነክሻለሽ» ብሎ እየሳቀ ወጣ።

እሷ ጣውላውን አንድ ጫፉን ከፍ አድርጋ መልሳ አስቀመጠችው። ጫፉ ላይ ያለውን ቀይ ቀለም በአውራ ጣቷ ዳበሰችው። ከዚያ ተንበረከከችና ጉንጯን ጣውላው ላይ አሳርፋ ዓይኗን ጨፈነች። እንደዚያ ሆና ቆየች። ቀና ስትል ፊቷ ተለውጦ ነበር።

እየሮጥኩ ወደ ሥራ ቤቱ ሄድኩ። «አባዬ! እትዬ ጣውላውን አቀፈችው! ሳመችው!»

አባቴ እስኪያስለው ድረስ ሳቀ። ሚስማርን ትከሻውን መታ መታ አድርጎ፣ «ሰማህ? ሳመችው!» አለው። ሚስማር ነገሩ ሳይገባው አብሮ ሳቀ። እኔ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም፤ በእኔ ወሬ ቤቱ ሁሉ ሲስቅ የመጀመሪያው ነበር።

ዛሬ እኔም ጉንጬን ጣውላ ላይ አሳርፋለሁ። የምሠራው አክስቴ ዘንድ ነው፤ መጀመሪያ ያስተማረችኝም ይህን ነው። እጅ በሥራ ይደነዝዛል፣ ፊት ግን አይደነዝዝም። የደረቀ እንጨት ጉንጭ ላይ ወዲያው ይሞቃል። ፊቱ ብቻ ደርቆ ውስጡ ውሃ የያዘ እንጨት ግን እንደ ድንጋይ ይቀዘቅዛል፤ ብትጠብቀውም አይሞቅም። ለዚህ ነው ዓይኗን ጨፍና የቆየችው።

በማግስቱ ሠራተኞቹ ምሳ ወጥተው ሳለ ጠራችኝ። «ማሙሽ፣ ና በዚያ በኩል ያዝልኝ።» ጣውላው ከብዶኝ ሁለቴ አስቀመጥኩት። ወደ መጋዘኑ ወስደን ቀይ ጫፍ ካላቸው መሃል፣ ከላይ፣ ለእጅ በሚቀርበው ቦታ ላይ አጋደመችው። ጫፉን ከሌሎቹ ጫፍ ጋር በመዳፏ አስተካከለችው።

«ስጦታሽ አይደለም እንዴ?»

«ለእኔ በዛብኝ። ለእነሱ ይሁናቸው።»

«አባዬ…»

«አባትህ እንዳይሰማ። ከሰማ ቅር ይለዋል። አይደል?»

«አልናገርም።»

«ማልልኝ።»

ማልኩላት። ስጦታዋን ለሌሎች የምታካፍል ሰው ስላየሁ፣ አክስቴንም እንደ አባቴ በጣም ወደድኳት።

ከዚያ በኋላ አክስቴ ክፍሏን መቆለፍ ጀመረች። የምታስገባው እኔን ብቻ ነበር። አንድ ቀን ስገባ አልጋዋ የለም። ፍራሿ መሬት ላይ ተነጥፏል። አልጋው አያቴ ለሰርጋቸው የሠሩት፣ እግሩ የእኔን ወገብ የሚያህል፣ ጠቁሮ የከረመ አልጋ ነበር።

«አልጋሽስ?»

«አባትህን እንዳትጠይቅ» አለችኝ፣ መጋዟን ከወንበር ሥር እየገፋች።

አባትህን አትጠይቅ ስትለኝ የወሰደው እሱ ነው ማለት ነው ብዬ ደመደምኩ። እንዳትሄድ ነው የወሰደባት ብዬም አሰብኩ፤ አልጋ የሌለው ሰው ደክሞት ሩቅ መንገድ አይሄድም። በልጅነት ጭንቅላቴ ይህም ፍቅር ነበር። እሷ ግን ሌሊቱን መሬት ላይ እየተኛች ቀን ቀን መርከቧን ታቆም ነበር። ጎድኖቹ ጥቁር ቡናማ ነበሩ፤ አባቴ ከሰጣት ነጭ ጣውላ ጋር አይመሳሰሉም። እኔ ግን ልጅ ነኝ፤ ቀለም የቀባቻቸው መስሎኝ ነበር።

መርከቧ ለብሳ፣ ሆዷ ከታች ቀይ፣ ከላይ ጥቁር ተቀብታ፣ ምሰሶዎቿ ሲቆሙ አባቴ ሊያይ መጣ። እጁን ኋላ አጣምሮ ዞራት። ጎንበስ ብሎ በጥፍሩ ሆዷን ቆረቆረ፤ ቆ፣ ቆ አለች።

«ጎበዝ» አለ። «እውነት ጎበዝ ነሽ። ያ ጣውላ አልጠቀመሽም?»

«ጠቅሞኛል» አለች።

«እኔም ብያለሁ እኮ።»

ሁለቱም ተያዩና ፈገግ አሉ። እህትና ወንድም ፊት ለፊት ቆመው ሲሣሣቁ ሳይ የመጀመሪያዬም የመጨረሻዬም እሱ ነው።

የመስታወቱን ሣጥን ሚስማር ነው የሠራው፤ አባቴ ጠረጴዛዎቹ ላይ ተጠምዶ ስለነበር ልኩን ሰጠው እንጂ እንጨቱን አላየም። ሚስማር መጋዘን ሲገባ ተከትዬው ነበር። ከላይ ያለውን ቀይ ጫፍ ጣውላ አንስቶ በትከሻው ሲያደርግ «ዛሬ ደክሞኛል መሰለኝ፣ ከበደኝ» አለ። ዓይን የሚመስለውን ጉጥ አወቅሁት። ልናገር አፌን ከፍቼ መሐላዬ ትዝ አለኝና ዘጋሁት። ከዚያ ጣውላ የሣጥኑ በር ክፈፍና ቋሚዎቹ ወጡ። አክስቴ ቫርኒሽ ቀባችው። እንደዚያ አሳምራ የቀባችው ነገር አላየሁም።

ሣጥኑና መርከቧ የአዲሱ ሕንፃ ምርቃት ከመድረሱ በፊት ተወስደው አዳራሹ ውስጥ ቆሙ። ትልልቅ መብራቶች ከላይ ያበሩባቸው ነበር። በመሃሉ ያሉትን ሳምንታት አባቴ ሲያፏጭ ነው የከረመው። «ካፒቴን» ማለቱን ትቶ ነበር።

እንግዲህ ወደዚያ ቅዳሜ ልመለስ።

አዳራሹ አዲስ ቀለም ይሸታል። ኮት የለበሱ ሰዎች ብርጭቆ ይዘው ቆመዋል። ድምፀ ለስላሳው ሰውዬ ሥራ አስኪያጁን ወደ እኛ አመጣቸው። ሥራ አስኪያጁ በወጣትነታቸው መርከበኛ የነበሩ፣ ፊታቸው የተጨማደደ ሽማግሌ ናቸው። መርከቧን በመስታወቱ ውስጥ ሲያዩ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ ገመዶቿን አንድ በአንድ በስማቸው የሚጠሩ ይመስላሉ። አባቴ ከአጠገባቸው ቆሞ እሱም ዓይኑን ከመርከቧ አይነቅልም። ከሆዷ ወደ አፍንጫዋ፣ ከአፍንጫዋ ወደ ኋላዋ ያያል። ስንጥቅ ይፈልግ እንደነበረ አሁን ነው የማውቀው። ያኔ የተደነቀ መስሎኝ ነበር።

«ገመዱን በእጄ ልንካው» አሉ ሥራ አስኪያጁ። «እስቲ ይከፈት። ባለሙያው ራሱ ይክፈትልን።»

አባቴ ኮቱን ቆልፎ ቀረበ። የሣጥኑን በር ሳበ። አልመጣም። ፈገግ ብሎ ደግሞ ሳበ። በሩ ከላይ ጠብቆ ከታች ወደ ውጭ ተንጋዷል፤ እኔ እንኳ ከታች ሆኜ አየሁት። አባቴ በሁለት እጁ ይዞ በኃይል ሳበው። መስታወቱ ከማዕዘኑ ጀምሮ ተሰነጠቀና ግማሹ ወለሉ ላይ ወርዶ ደቀቀ። የአባቴ መዳፍ ደማ።

መርከቧ በቦታዋ ቆማለች። አንድ ገመድ እንኳ አልላላባትም።

አባቴ ደሙን ሳይጠርግ በሩን ዳሰሰ። መጋጠሚያው አፉን ከፍቷል። ጉጡን አየው። መጀመሪያ ጉጡን፣ ከዚያ መርከቧን፣ ከዚያ አክስቴን አየ። እሷ ከአዳራሹ ምሰሶ አጠገብ እጇን አጣምራ ቆማ ነበር። ዓይኗን አልሰበረችም።

አባቴ ዞረና ሚስማር ላይ ጮኸ።

«አንተ! እርጥብ እንጨት ነው የገጠምክብኝ?»

«ጋሼ፣ ጫፉ ቀይ ነበር» አለ ሚስማር።

«ውሸታም! በሰው ፊት ልታዋርደኝ!»

«ቀይ ነበር ጋሼ። ቀይ ያልሆነ ነክቼ አውቃለሁ? ጺም ሳላበቅል ነው እኮ እናንተ ቤት የገባሁት።»

«ዛሬ ትወጣለህ! እርጥብና ደረቅ የማይለይ ሌባ!»

«ሌባ ደግሞ ምን ሰረቅኩ?»

ሚስማር ሁለት ባዶ እጁን ዘርግቶ አሳየው። አባቴ የረሳ መሰለኝ፤ የረሳ ሰው ደግሞ ቢያስታውሱት ደስ ይለዋል። ደግነቱንም እዚያ ያለ ሰው ሁሉ እንዲያውቅለት ፈለግሁ። በሕይወቴ ብዙ ሰው ባለበት ድምፄን ከፍ አድርጌ የተናገርኩት ያን ቀን ብቻ ነው።

«አባዬ፣ ሚስማር አልዋሸም! ራስህ ነህ የቀባኸው፣ ያን ጊዜ፣ ግቢ ውስጥ! ለእትዬ መርከብ ስጦታ ነው ብለህ! የኔንም አፍንጫ ቀባኸኝ እኮ!»

እናቴ ክንዴን ቆነጠጠችኝ። «ዝም በል አንተ!» የተናገርኩት ግን ወጥቷል።

አባቴ ያኔ እንዳየኝ አድርጎ ማንም አይቶኝ አያውቅም። አልመታኝም፣ አልተናገረኝም። አንዲት ሴት ስቃ፣ ማንም እንዳልሳቀ ስታይ ብርጭቆዋን ወደ አፏ መለሰች። ሥራ አስኪያጁ አልሳቁም። ዕድሜያቸውን በእንጨት ላይ ሲንሳፈፉ የኖሩ ሰው ናቸው። ቀለሙን ባያውቁትም የቀረው ገብቷቸዋል።

«ማለት፣» አሉ ቀስ ብለው፣ «ይሄ እንጨት የታሰበው ለመርከቧ ነበር።»

አባቴ የደማ መዳፉን በኮቱ ጠረገ።

ወደ አክስቴ ዞሩ። «መርከቧስ ከምን ተሠራች?»

«ከአልጋዬ» አለች አክስቴ።

ቀልድ መስሏቸው ሰዎቹ ሳቁ። እሷ አልሳቀችም። እኔ መሬት ላይ የተነጠፈው ፍራሽ፣ ከወንበር ሥር የገባው መጋዝና ጥቁሮቹ ጎድኖች ባንዴ መጡብኝ። ምን እንደማደርጋቸው ግን አላወቅኩም።

«እንግዲህ በሚቀጥለው ሰኞ ክፍሉን ይረከቡ» አሏት ሥራ አስኪያጁ። «ሣጥኑን ሌላ ሰው ይሠራዋል።»

ሚስማር ግን ገና አልጨረሰም ነበር። አባቴን ተወና አክስቴን ያያት ጀመር።

«አንቺ ዘንድ ነበረ ማለት ነው» አላት። «አንቺ ዘንድ የነበረ ጣውላ ክምሩ ላይ በምን ሄደ? እግር አወጣ?»

አክስቴ ዓይኗን ከእሱ ወደ መርከቧ አዞረች።

«የማነሣው እኔ እንደሆንኩ ታውቂ ነበር። በዚያ ቤት ሌላ ማን ያነሣል?»

እኔ ስለ ማልኩላት ነገር ጥርሴን ነክሼ ቆምኩ። ማንም ግን አልጠየቀኝም።

«ሁለታችሁንም አንድ አባት ነው የወለዳችሁ» አለ ሚስማር። እርሳሱን ከጆሮው ላይ አውጥቶ በአባቴ የኮት ኪስ ውስጥ አስገባለትና በመስታወቱ ስብርባሪ ላይ እየረገጠ ወጣ። ከዚያ ወዲህ አላየሁትም። ከተማውን ለቆ ሄዷል አሉ።

ካደግሁ በኋላ አንድ ጊዜ ብቻ አክስቴን ስለ እሱ ጠይቄያታለሁ። በወደቡ ክፍል ውስጥ ነበርን፤ ዛሬ የእሷ መርከቦች በየቢሮው ቆመዋል፣ ሰው ከሩቅ መጥቶ ያሠራታል።

«ሚስማርን አላሰብሽውም ነበር?»

«አባትህን ነበር ያሰብኩት።»

«ሚስማርንስ?»

ጣውላ አንስታ ጉንጯ ላይ አሳረፈች። ቆየች። «ያን ክር በሰም ሳበው» አለችኝ። «ሳይደርቅ።»

አባቴም አክስቴም ከዚያ ቀን ወዲህ አልተነጋገሩም። አባቴ እኔን ሲያይ እስካሁን አፍንጫዬን ነው የሚያየው።

በምርቃቱ ማግስት ጠዋት አባቴ የቆሰለ መዳፉን በጨርቅ ጠቅልሎ መጋዘን ገባና የጣውላዎቹን ጫፍ አንድ በአንድ ላገ፤ ቀዩ ፍቅፋቂ ግቢውን ሞላው። ሰኞ ዕለት የመርከብ ድርጅቱ መኪና መጥቶ የአክስቴን ዕቃ ጫነ። አልጋ ስላልነበራት ብዙ ቦታ አልያዘም።